አርባ አንደኛው ደብተር

አባቴ ባንክ ቤት ሲገባ በሕይወቱ ሁለተኛ ጊዜው ነው። በመጀመሪያው ጊዜ የመጣው እኔ የተቀጠርኩ ሰሞን ወንበሬን ሊያይልኝ ነበር። አሁን ግን እኔን ብሎ አልመጣም። ከሥራ አስኪያጃችን ከመሐሪ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ከዘራውን በጉልበቶቹ መሃል አቁሞ፣ በቀበሌያችን ገበሬዎች መሬት ላይ ይደራደራል። እኔ ከጎን ሆኜ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ። የገዛ አባቴን "አቶ ክንዱ እንዳሉት" እያልኩ መጻፌ ራሱ አናዶኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቡሬ ወደ ቀበሌያችን በሚወስደው መንገድ፣ አዙሪ በሚባለው ወንዝ ላይ፣ ጣሊያን በ1930 ያሠራው የድንጋይ ድልድይ አለ። ባለፈው ክረምት የመሃሉ እግር ተሰነጠቀ። እንዲታደስ ተወሰነና ስመኘው የሚባል የደምበጫ ተቋራጭ ጨረታውን አሸነፈ። አሠሪው መሥሪያ ቤት ቅድመ ክፍያ ሊሰጠው ዝግጁ ነው፤ ነገር ግን ገንዘቡን ይዞ ቢጠፋ የሚከፍልለት ባንክ አምጣ አለው። ባንኩ ደግሞ ዋስ ለመሆን መያዣ ይፈልጋል። ስመኘው ያለው አንድ አሮጌ ሲኖትራክና አንድ የኮንክሪት ሚክሰር ነው፤ አይበቃም። ጊዜው ግንቦት ነው፤ ክረምቱ ደጅ ላይ ቆሟል። ስለዚህ የቀበሌያችን ሰዎች የመሬት ደብተራቸውን ሊያስይዙለት ተነሡ። ስመኘው ሥራውን ጥሎ ቢሄድ ባንኩ መሬቱን ለሌላ ሰው አከራይቶ ገንዘቡን ያወጣል፤ ባለመሬቱ ዳር ቆሞ ያያል። ውሉ ይኸው ነው።

"አሥራ አምስት ዓመት" አለ መሐሪ።

"ሦስት መኸር" አለ አባቴ።

"አቶ ክንዱ፣ ባንኩ እኮ ገንዘቡን በሦስት መኸር አይመልስም።"

"አሥራ አምስት ዓመት ማለት ዘንድሮ ክርስትና የተነሣ ልጅ እርፍ ጨብጦ መሬቱን በሰው እጅ ያየዋል ማለት ነው። አይሆንም።"

ስመኘው በመሃል ገባ። አርባ ዓመት ያልሞላው ቀጭን ሰው ነው፤ አንገቱን በሶፍት ይጠርጋል። "አባባ፣ እዚያ ድረስ አይደርስም እኮ! በሥላሴ፣ ክረምቱ ሳይገባ የመሃሉን እግር አቆማለሁ፣ የቀረውን በጥቅምት ጨርሼ ደብተራችሁን በእጃችሁ እሰጣችኋለሁ።"

"የማይደርስ ኸሆነማ ሦስት ይባልልኝ ብለህ አንተው ለምንልኝ" አለው አባቴ፣ ሳያየው።

ሁለት ሰዓት ፈጀ። በመጨረሻ አምስት ዓመት ተባለ፤ የጓሮ መሬት አይነካም ተባለ፤ ባንኩ መሬቱን ሲያከራይ መጀመሪያ ባለመሬቱን ይጠይቃል ተባለ። ዘጠኝ ዓመት እዚያ ቤት ስሠራ መሐሪን እንዲህ ላብ በላብ ያደረገ ሰው አላየሁም። ኮራሁ። ያልገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። መሐሪ በግምቱ መሠረት ሠላሳ ስድስት ደብተር ይበቃል ሲል፣ ለአንዲት ወር ሲከራከር የዋለው አባቴ እጁን አነሣና "አርባ ይሁን" አለ። "የኔ አርባ አንደኛ ይሁን።"

ኩራቴ የቆየው የስመኘውን ፋይል እስክከፍት ነው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ሌላ ወረዳ ላይ፣ የትምህርት ቤት ግንባታ ወስዶ ነበር። ሥራው መሠረት ላይ ቆመ። ዋስ የሆነው ባንክ ከፈለ፤ በመያዣነት የቀረበው የእህቱ ባል ቤት ተሸጠ። አንድ ገጽ ነው፤ ሦስት ጊዜ አነበብኩትና ወረቀቱን ይዤ መሐሪ ቢሮ ገባሁ።

"አይቼዋለሁ" አለ። "ለዚህ አይደል መያዣውን ያበዛነው? የኛ ስጋት ተሸፍኗል።"

"የኛ ተሸፍኗል። የገበሬዎቹስ?"

"ደንበኛችን ስመኘው ነው። የደንበኛ ምስጢር ምን እንደሆነ ደግሞ እኔ ላንቺ አላስተምርሽም። እሁድ ሄደሽ ውሉን አስፈርሚያቸው፤ አገሩን የምታውቂው አንቺ ነሽ።"

"ፈራሚው አባቴ ናቸው። እኔ እዚህ ጉዳይ ውስጥ መግባት የለብኝም።"

"ሰኔ ሠላሳ እየመጣ ነው፣ ያምሮት" አለና ኮምፒውተሩን ማየት ጀመረ። የዓመቱ ዕቅዱ አልሞላማ! በሩን በኃይል ዘግቼ ወጣሁ። በሩን መዝጋት ብቻ ነበር የምችለው።

ቅዳሜ ከምሠራበት ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ በሚኒባስ፣ ከቡሬ በባጃጅ ሄድኩ። ባጃጁ ድልድዩ ጋ ሲደርስ ቆመ። "እታለም፣ ኸዚህ ወዲያ በእግርሽ ነው። በቀደም አንዱ አህያ ጭኖ ሲሻገር ድንጋይ ኸሥሩ ሄዶበታል" አለኝ ሾፌሩ። ወርጄ ተሻገርኩ። የመሃሉ እግር ስንጥቅ እጅ ያስገባል። ውኃው ገና ቁርጭምጭሚት ነው፤ በሐምሌ ግን አዙሪ በሬ ይወስዳል።

ቤት ስደርስ የወንድሜ ሚስት አደይ በር ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። ያለፈው ልጇ ቃሬዛ ላይ ሳለች፣ እዚያው መንገድ ላይ ነው ሞቶ የተወለደው። አባቴ ከማዶ ሲመጣ ከግቢው ጥግ ወስጄ አቆምኩት።

"አባባ፣ ነገ አይፈርሙ።"

"ምነው?"

"ምክንያቱን መናገር አልችልም።"

"አትችይም ወይስ የለሽም?"

ፊቱ ተለወጠ።

"እንግዲያ ስሚኝ። ይቺ ልጅ በሐምሌ ትወልዳለች። ያን ጊዜ ቃሬዛውን የተሸከምሁት ፊተኛው እኔ ነኝ። ልጁ ሲወጣ ያየሁት እኔ ነኝ። አሁን ድልድዩ ኸወደቀ አምቡላንሱ ማዶ ቆሞ ይጠብቃታል፣ እሷ ወዲህ ማዶ ትሞታለች። ምክንያት ካለሽ አምጪው። ኸሌለሽ ተይኝ።"

"እነዚህ አርባ ሰዎች ግን ምን በደሉ? መሬታቸው እኮ ነው።"

"አርባው?" ሳቀ፤ ደስ የማይል ሳቅ ነው። "በዚያ ድልድይ አንድ ሰው ለአርባ ሰው ቆሟል። አሁን አርባው ይቁሙ።"

ያኔ ገባኝ። ይህን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። ጣሊያን ድልድዩን ሲያሠራ ከአገሩ አርባ ጎልማሳ ሰብስቦ ድንጋይ ያስፈልጥ ነበር። እንዳይጠፉበት ዋስ ጠየቀ፤ የአባቴ አያት ባምላኩ ተጠሩ። ከአርባው አንድ ሰው ቢጎድል ነፍስህን ትከፍላለህ ብሎ አስፈረማቸው። አንድ ቀን ጠዋት የጣሊያን ሹም ሲቆጥር አንድም ሰው የለም፤ አርባውም ጫካ ገብተዋል። ባምላኩን ወንዙ ዳር ገደሏቸው። አባቴ ይህን ሲያወራ ሁልጊዜ የሚጨርሰው "ሸጠውት ሄዱ" ብሎ ነው። ከአርባው ልጆችና የልጅ ልጆች ጋር አብሮ ያርሳል፣ ማኅበር ይጠጣል፣ ለቅሶ ይደርሳል። ግን አልተወላቸውም። በአርባ ደብተር ሊያስከፍላቸው ነው፤ የራሱንም ጨምሮ የሚከሰው እንዳይኖር አድርጎታል። ተናደድኩበት፤ አዘንኩለትም።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። ደብተሮቹ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቆልለዋል፤ የአባቴ ከላይ ነው። እኔ የመፈረሚያውን ወረቀትና የአውራ ጣት ቀለሙን ይዤ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጫለሁ። ስመኘው ነጠላ አጣፍቶ መጥቷል፤ የሽማግሌዎቹን ጉልበት አንድ በአንድ ሳመ። መጥፎ ሰው አይመስልም። ይህ ደግሞ ይበልጥ አስፈራኝ።

ጉባኤውን የሚመሩት አያ ሙጬ ናቸው። ሰማንያን ካለፉ ቆይተዋል፤ አባታቸው ከአርባዎቹ አንዱ ነበሩ። አባቴ የቀለሙን ሳጥን ከእኔ ወስዶ ከፍቶ የመጀመሪያውን ጣት ሊያስነክር ሲል አያ ሙጬ ብትራቸውን አነሡ።

"ቆይ፣ ክንዱ። ለባንኩ ዋስ ልንሆን ነው፤ መልካም። ለኛስ የዚህ ሰው ዋስ ማነው? የአገራችን ወግ አይቀርም።"

ወጉን የኛ አገር ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። እንግዳ ሰው ከመንደሩ ጋር ውል ሲገባ፣ የሚያውቀው ሰው በስሙ ይጠራና ዋስ ነህ ወይ ተብሎ ሦስት ጊዜ ይጠየቃል። ነኝ ካለ ውሉ ጸና። ሦስቴ ተጠይቆ ዝም ካለ ውሉ ቀረ። ከዚያ በኋላ ለምን ዝም አልክ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ ለሚስቱም፣ ለልጁም፣ ለንስሐ አባቱም ሳይቀር ነውር ነው። ሰው ስለ ሰው የሚያውቀውን ክፉ ነገር ሳይናገር ሌላውን እንዲያድን የተበጀ ወግ ነው።

ስመኘው ይህን አላወቀም። የደምበጫ ከተማ ልጅ ነው።

"እዚህ ዘመድ የለኝም፣ አባቶቼ" አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ ፊቱ በራ። "ግን የባንኩ ሰው እዚሁ አለች አይደል! ወረቀቴን ሁሉ አይታዋለች፤ እንደ እሷ የሚያውቀኝ የለም። እሷን ጠይቋት!"

የባንክ ሰው ስለ ደንበኛው ደግ ደጉን ከመናገር ሌላ ምን ይላል ብሎ ነው። አያ ሙጬ ቀስ ብለው ዞሩ።

"የክንዱ ልጅ፣ ያምሮት። ይህን ሰው ታውቂዋለሽ። ዋሱ ነሽ?"

ነኝ ብል አርባ አንድ ቤት ገደል ሰደድኩ። አይደለሁም ብዬ ብናገር፣ ለምን ቢባል የሰውየውን ምስጢር ዘረገፍኩ፤ እንጀራዬም ያኔ አለቀ። ዝም ብል ደግሞ ድልድዩ የለም። ከሰዉ ጀርባ አደይ ቆማለች፤ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋለች። አባቴ የቀለሙን ሳጥን እንደያዘ ያየኛል። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

"ያምሮት ክንዱ። የዚህ ሰው ዋስ ነሽ?"

"እህቴ፣ ተናገሪ እንጂ" አለ ስመኘው። እየሳቀ ነበር የጀመረው፤ አልጨረሰውም። ማንም አብሮት እንዳልሳቀ አየ። "ምንድነው? ምን ሆናችሁ?"

አንድ ሰው ሳለ። አባቴ በከንፈሩ ብቻ "በይ" አለኝ፤ ነኝ በይ ማለቱ ነው። አባቴ በሕይወቱ ሲለምነኝ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። አደይን አየኋት። እሷ ግን እኔን አልነበረም የምታየው፤ መሬት መሬት ታያለች።

"ለሦስተኛ ጊዜ፣ ለመጨረሻ። ያምሮት፣ ዋሱ ነሽ?"

አፌን አልከፈትኩም። ምላሴን ነክሼ ደም ደም አለኝ።

አያ ሙጬ ጠበቁ። ከዚያ ብትራቸውን መሬት ላይ አኖሩ። "ተመልሷል" አሉ።

አያ ሙጬ ደብተሮቹን አንድ በአንድ እያነሡ በስም ጠሩ፤ ሰዉ እየመጣ የየራሱን ተቀበለ። ማንም ወደ እኔ አላየም፤ እንዳይጠይቁኝ ነው። አባቴ የቀለሙን ሳጥን ከደነና አፈር ላይ ቁጭ አለ።

ተነሥቼ ስሄድ ስመኘው መንገዱ ላይ ደረሰብኝ። ይጮህብኛል ብዬ ነበር። "አልሰረቅኩም" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ያኛው ሥራ ላይ ሲሚንቶ በሦስት ወር እጥፍ ሆነ። አንድ ሳንቲም አልበላሁም። ይቺን ድልድይ ብሠራ የእህቴን ባል ቤት እመልስለት ነበር።" ዓይኑ ቀልቷል። "ለአለቃሽ እነግረዋለሁ" ብሎ ሄደ።

እውነቱን ይሆናል። እስከ ዛሬ አላውቅም፤ አንዳንድ ቀን ያ ነገር እንቅልፍ ይነሣኛል።

ስመለስ ዋርካው ሥር የቀሩት አያ ሙጬና አባቴ ብቻ ናቸው። ጠረጴዛው ላይ አንድ ደብተር ቀርቷል። አያ ሙጬ አነሡትና ለአባቴ ዘረጉለት፤ አባቴ እጁን አልዘረጋም።

"አደይን ገደላችኋት" አለ። "ያኔ አያቴን፣ ዛሬ እሷን።"

አያ ሙጬ በብትራቸው ተደግፈው ከአጠገቡ ተቀመጡ። መቀመጡ ራሱ ጊዜ ወሰደባቸው።

"አያትህን አልሸጥናቸውም፣ ክንዱ። አባቴ ሲሞት ነው የነገረኝ። ያን ሌሊት አርባው ባምላኩ ዘንድ ሄዱ። ኸኛ ጋር ውጣ አሏቸው። እኔ ኸሄድሁ መንደሩን ያቃጥለዋል፣ አንድ ሰው ይበቃዋል አሉ። ሂዱ ያሏቸው እሳቸው ናቸው፤ ስንቁንም የሰጡ እሳቸው ናቸው።"

አባቴ ቀና አለ።

"ሹሙ ሲነጋ የት ሄዱ ብሎ ጠየቃቸው። ሦስት ጊዜ ነው አሉ የጠየቃቸው። ዝም አሉ።"

"ለምን አልተነገረን?"

"ባምላኩ አርባውን አስምለዋቸው ነዋ። ሚስቴ አውቆ ጥሎኝ ሄደ እንዳትል፣ ተከዳ ብላ ታልቅስልኝ ብለው። መሐላው ወደ እኔ መጣ። አንተ በየማኅበሩ ሸጠውት ሄዱ ስትል እኔ ጽዋዬን ይዤ እሰማሃለሁ።" አያ ሙጬ ወደ እኔ አዩ፤ ቶሎ ዓይናቸውን መለሱ። "ዛሬ ግን ይቺን ልጅ ሦስት ጊዜ ጠርቻት ፊቷን ሳየው መሐላው ከበደኝ።"

"ይኸን ሁሉ ዓመት!" አለ አባቴ። "ይኸን ሁሉ ዓመት አርባ ቤት ስጠላ ዝም አሉኝ?"

"አዎ" አሉ አያ ሙጬ።

አባቴ አለቀሰ። ሸማውን አፉ ላይ አድርጎ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ሲበቃው ደብተሩን ተቀበለና በሸማው ጫፍ ጠረገው፤ አቧራ አልነበረበትም።

የዚያኑ ዕለት አደይን ልብሷን ያዢ አልኳት። አዙሪ ሳይሞላ ወደ ፍኖተ ሰላም ልወስዳት ነው። አባቴ ፊት ፊት ሄደ። ድልድዩ ላይ ሲደርስ በከዘራው ድንጋዩን አንድ በአንድ እየነካ የሚረገጠውን አሳየን። የመሃሉ እግር ላይ ስንደርስ አደይ እጄን ጨብጣ ቆመች፤ ከታች አንድ ጠጠር ወድቆ ውኃውን ሲመታ ሰማን። "አይዞሽ፣ ርገጪ" አላት አባቴ። ተሻገርን። ማዶ ስንደርስ እሱ ወዲያው ተመለሰ፤ ደህና ሁኚም አላለኝ።

ሰኞ መሐሪ በደብዳቤ ማብራሪያ ጠየቀኝ፤ ለገበሬዎቹ ስለ ደንበኛው ምን እንደነገርኩ። "ምንም" ብዬ ጻፍኩ። አጣርተው ሌላ ቃል አላገኙም። ከብድር ክፍል አንሥተው ገንዘብ ቆጣሪ መስኮት ላይ አስቀመጡኝ፤ እዚያው አለሁ።

አደይ ሐምሌ አሥራ ሁለት ቀን፣ ከእኔ ቤት በባጃጅ ሆስፒታል ደርሳ ወንድ ልጅ ወለደች። ነሐሴ ላይ የመሃሉ እግር ሄደ። ገበያ ያልሆነ ቀን ነበርና ሰው አልነበረበትም። አሠሪው መሥሪያ ቤት አዲስ ጨረታ አወጣ፤ ቅድመ ክፍያ የሌለው፣ በተሠራው ልክ የሚከፈል። የቀበሌው ሰው ድንጋይና አሸዋ በጉልበቱ ሊያቀርብ ተስማማ። እስካሁን ያሸነፈ የለም። አገሩ ክረምቱን ተቆርጦ ነው የከረመው፤ በዚያ ክረምት ሁለት ሰው በቃሬዛ እንደተኛ ሳይሻገር ሞቷል። ስማቸውን አውቃለሁ።

አባቴ መስከረም ላይ፣ ውኃው ጎደል ሲል፣ ሱሪውን ሰብስቦ በእግሩ ተሻግሮ መጣ። የልጅ ልጁን ተቀብሎ ጭኑ ላይ አስተኛውና ብዙ ሰዓት አየው። ሻይ አቀረብኩለት፤ ቀዘቀዘ። የሚጠይቀኝ መስሎኝ ነበር። ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር፤ የእነዚያ የሁለቱ ሰዎች ነገር እየከነከነኝ ለአንድ ሰው ልናገር ቀን እየቆጠርኩ ነበር።

"አባባ፣ የዚያን ቀን ነገር..." አልኩት።

ልጁን አንሥቶ እጄ ላይ አኖረልኝ።

"ሦስት ጊዜ ተጠይቀሻል" አለ። "አራተኛ እኔ አልሆንም።"